ስለ ነገ መጨነቅና ለነገ ማሰብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ምእመናን ሆይ፤ በአዲስ ከተማ በመርካቶ፥ በቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጥር በር ላይ በማለዳ የቆመ ሰው፥ ኪዳን አስደርሰው ወደየሱቃቸው የሚያመሩትን ነጋዴዎች ቢያስተውል ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያያል። ጸሎታቸውን ገና ያልፈጸሙ ይመስላል። ቀረብ ብሎ የሰማ እንደ ሆነ ግን የሚቈጥሩት የቼክ ቀን፥ የኪራይ ቀን፥ የእቁብ ቀን ነው። ይህን የምጽፈው ለነቀፋ አይደለም። እኔም በዚያው በር የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ በልቤ እየደመርሁ የወጣሁበት ማለዳ ብዙ ስለ ሆነ፥ ነቀፋው አስቀድሞ የሚደርሰው ለእኔ ነው።

መርካቶ የጭንቀት አገር ሆኖ አልተፈጠረም። ቀድሞ የከተማው ገበያ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በቈዩበት ዘመን የአገሩን ሰው ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ ስሙም ከቋንቋቸው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከጕራጌ፥ ከስልጤ፥ ከሸዋ፥ ከወሎና ከሌላውም የአገሪቱ ማዕዘን ባዶ እጁን የመጣ ስንቱ ነው በዚያ ተሸካሚ ሆኖ ጀምሮ ባለ ሱቅ፥ ባለ ሱቅ ሆኖ ባለ መጋዘን የሆነው! በርበሬ ተራ፥ ሸማ ተራ፥ ምናለሽ ተራ፥ ቦምብ ተራ እየተባለ በየስሙ የሚጠራው ሁሉ የሰው ልጅ በወዙ ለመብላት የደከመበት ቦታ ነው። በአንድ ወገን የራጉኤል ደወል፥ በሌላ ወገን የአንዋር መስጊድ አዛን ይሰማል። ጭንቀት ግን የማንንም ሃይማኖት ሳይጠይቅ በሁሉም ቤት ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች በጭንቀት ሕመም እንደ ተያዙ አስታውቋል፤ ስለዚህ ነገሩ የመርካቶ ብቻ እንዳይመስለን።

በቋንቋችን አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። አንድ ሰው «ሐሳብ አለኝ» ቢለን ሊሠራው ያቀደው መልካም ነገር እንዳለ እንረዳለን፤ «ሐሳብ ያዘኝ» ቢለን ደግሞ እንቅልፍ እንዳጣ እናውቃለን። ማሰብና መጨነቅ በአንድ ቃል ተጠርተዋል። እኛም በኑሮአችን ሁለቱን አደባልቀናቸው፥ የሚጨነቀውን «ለነገ የሚያስብ ብልኅ» እንለዋለን፤ ዐርፎ የተኛውን ደግሞ «ምንም የማያስብ ግዴለሽ» እያልን እናማዋለን። ይህ መደባለቅ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የተረዳሁት ከአንድ የንስሐ ልጄ ታሪክ ነው። የምጽፈው በንስሐ የተነገረኝን አይደለም፤ በቤቱ ተቀምጠን የተነጋገርነውን ነው። እርሱም ለሌላው ይጠቅም እንደ ሆነ ብሎ ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጠራም።

ይህ ሰው የብርድ ልብስና የአንሶላ ጅምላ ነጋዴ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተነገረ ጊዜ፥ እስከዚያ ቀን ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እርሱ ደግሞ ከዚያ በፊት ብዙ ዕቃ በዱቤ በአሮጌው ዋጋ ሸጦ ነበር። ለሚያመጣለትም ሰው ቀኑ ወደ ፊት የተጻፈ ቼክ ሰጥቶአል። የሸጠበት ገንዘብ ሲመለስለት የሸጠውን ዕቃ ግማሹን እንኳ መልሶ እንደማይገዛለት አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት መንቃት ያዘ። ልቡ ይመታል፥ እጁ ይደነዝዛል፥ ትንፋሹ ያጥረዋል። የልብ በሽታ ነው ብሎ ሁለት ክሊኒክ ሄደ፤ በሁለቱም ልብህ ጤነኛ ነው ተባለ። ይህን ሲሰማ ከመደሰት ይልቅ ያልታወቀ በሽታ ይዞኛል ብሎ ፍርሃቱ ጨመረ።

በመጨረሻም ወደ እኔ መጣ። «አባ፥ አልተኛም፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። እኔም በዚያ ቀን ሁለት ለቅሶና አንድ ፍታት ነበረብኝና በችኮላ፥ «ልጄ፥ ሃይማኖትህ ቀዝቅዞ ነው። ጌታ ስለ ነገ አትጨነቁ ብሎ አስተምሮ የለምን? ጸሎት ጨምር፥ ስግደት ጨምር» ብዬ አሰናበትሁት። ቃሉ እውነት ነበር፤ አሰጣጡ ግን የተራበን ሰው ስለ እንጀራ አስተምሮ እንደ መስደድ ሆነ። ሰውዬው ከተጨነቀበት ነገር ሁሉ በላይ «ሃይማኖት የለኝም» የሚል አዲስ ጭንቀት ተሸክሞ ሄደ፤ ሁለት ወር ያህልም በቤተ ክርስቲያን አላየሁትም።

ወንድሞቼ ካህናት ይህን ሲያነቡ ራሳቸውን ይመርምሩ። ጌታችን በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ለደቀ መዛሙርቱ ነግሮአቸዋል፤ ወዙም እንደ ደም ነጠብጣብ ወደ ምድር እንደ ወረደ የጻፈልን ወንጌላዊው ሉቃስ ነው፤ እርሱም ባለ መድኃኒት ነበረ። ኀጢአት የሌለበት ጌታ በሥጋው ጭንቅን ከተቀበለ፥ ልቡ ስለ መታበት ብቻ ሰውን በኀጢአተኛነት ልንከሰው አይገባንም። ደግሞም ጌታ በዚያች ሌሊት ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ከእኔ ጋር ትጉ አላቸው እንጂ ብቻዬን ተዉኝ አላለም። እኔ ግን የተጨነቀውን ልጄን ብቻውን ሰደድሁት።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሚስቱ ወደ እኔ መጣች። «አባ፥ ሱቁን ከዘጋው ሁለት ሳምንት ሆነው። ስልኩንም አያነሣም። መጋዘኑ ግን እስከ ጣሪያው ዕቃ ነው» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዕቃውን ቢሸጥ መልሶ መግዛት የማይችል ስለ መሰለው አልሸጥም አለ፤ ስላልሸጠ ገንዘብ አልገባም፤ ገንዘብ ስላልገባ የቼኩ ቀን በደረሰ ጊዜ ባንክ ያለው ስንቅ አይበቃም። ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል እንደሚያስቀጣ የመርካቶ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እንግዲህ ከውድቀት ያድነኛል ብሎ ያደረገው ነገር ራሱ ወደ ውድቀት ይገፋው ነበር።

ወደ ቤቱ ስሄድ በመንገድ ላይ የነቢዩ የኤልያስ ታሪክ ትዝ አለኝ። ኤልያስ ከኤልዛቤል ፊት ሸሽቶ በምድረ በዳ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ፥ እግዚአብሔር የላከለት መልአክ አልገሠጸውም። «ትናንት በቀርሜሎስ እሳት ያወረድህ አንተ አይደለህምን?» ብሎም አላሳፈረውም። ተኝቶ ሳለ ቀሰቀሰው፤ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶም ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው፤ መንገድህ ሩቅ ነው አለው። ጥያቄው የመጣው ከዚያ በኋላ አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ በደረሰ ጊዜ ነው። እግዚአብሔር ምግቡን፥ እንቅልፉንና አጠገቡ የሚሆን አንድ ሰው የሚመስል መልአክ አስቀድሞ፥ ትምህርቱን ወደ ኋላ አድርጎት ሳለ እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጬው ነበር።

ስለዚህ በደረስሁ ጊዜ ስለ ሃይማኖት አንድም ቃል አልተናገርሁም። ከሦስት ቀን ወዲህ እህል በአግባቡ አልቀመሰም ነበርና አብረን ምሳ በላን። ቡናውን ሚስቱ ስታቀርብ በቀን ስንት ስኒ እንደሚጠጣ ጠየቅሁት፤ ስምንት አለኝ፤ ከሰዓት በኋላም እንዳይደክመው ጫት ይቅም ኖሮአል። ልቡ ለምን ይመታል ብለን ሁለታችንም ስንደነቅ መክረማችን አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

ከዚያም፥ «መዝገብህን አምጣው» አልሁት። አላመጣም አለ። መዝገቡን ከከፈተ ወር አልፎት ነበር፤ ሲያየው ልቡ ይመታበታልና። ይህ ነገር በብዙ ሰው ላይ የሚሆን ነው። የፈሩትን ነገር መሸሽ ለጊዜው ያሳርፋል፥ ፍርሃቱን ግን እየቀለበ ያሳድገዋል። ያልተከፈተ መዝገብ ውስጥ ያለው ዕዳ ልክ የለውም፤ በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ከምድር እስከ ሰማይ ይሆናል። በመጨረሻ ሚስቱ አምጥታ በመካከላችን አኖረችው። ማን ምን ያህል እንዳለበት፥ እርሱ ለማን ምን ያህል መክፈል እንዳለበት፥ በመጋዘኑ ያለው ዕቃ ምን ያህል እንደሚያወጣ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍነው። ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ዕዳው ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ልክ ነበረው።

በዚህ ጊዜ ነው ስለ መጽሐፍ ያነሣሁለት። እስራኤል በምድረ በዳ መና በወረደላቸው ጊዜ እያንዳንዱ ለዕለቱ የሚበቃውን እንዲሰበስብ ታዘዘ። አንዳንዶች ግን ነገ ባይወርድስ ብለው አሳደሩት፤ ያሳደሩትም ተልቶ ሸተተ። ይህ በኦሪት ዘፀአት በ16ኛው ምዕራፍ ተጽፎአል። እንግዲህ ነጋዴ ሁሉ መጋዘኑን ያቃጥል ማለት ነውን? አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት በ41ኛው ምዕራፍ ዮሴፍ በግብፅ የጥጋቡን ሰባት ዓመት ከእህሉ አምስተኛውን እጅ እየወሰደ በጎተራ እንዲከማች አድርጎአል፤ መጽሐፍም አመሰገነው እንጂ አልነቀፈውም። ያም ማከማቸት ነው፥ ይህም ማከማቸት ነው፤ ታዲያ አንዱ ስለ ምን ተላ፥ ሁለተኛውስ ስለ ምን ሕዝብን አዳነ?

እኔ እንደማስተውለው ዮሴፍ የሚመጣውን ክፉ ዘመን ፊት ለፊት አየው፤ ዓመቱን ቈጠረ፥ እህሉን ሰፈረ፥ ሹማምንትን በየከተማው አቆመ፤ ቀኑ በደረሰ ጊዜም ጎተራውን ለተራበው ከፈተ። መናውን ያሳደረው ሰው ግን የሰፈረውም የቈጠረውም የለም፤ ንጋትን ስላላመነ ብቻ ደበቀው። ለዮሴፍ ነገ የሥራ ቀን ነበር፤ ለዚያኛው ሰው ነገ የሚያስፈራ አውሬ ነበር። ስለዚህ ማሰብ የሚባለው ልክ ያለው፥ በእጅ የሚሠራ፥ ለሌላውም የሚተርፍ ነው። ጭንቀት የሚባለው ደግሞ ልክ የሌለው፥ እጅን የሚያስር፥ በሩን በሌላው ላይ የሚዘጋ ነው። ጌታችንም የሰማይ ወፎችን እንድናይ ሲያስተምር፥ ወፍ በጎጆዋ ተቀምጣ ትመገባለች አላለም። ወፍ በማለዳ ትወጣለች፥ ቀኑን ሙሉ ትለቅማለች፤ ማታ ግን የነገውን ቅርንጫፍ ስትቈጥር አታድርም። ማርታንም ቢሆን ወጥ በመሥራቷ አልወቀሳትም፤ በብዙ ነገር ስለ ታወከች ነው እንጂ።

ደግሞም ይህ የአንድ ሰው ጭንቀት በአንድ ሰው ቤት ብቻ እንደማይቀር ልናስብ ይገባናል። የፈራ ነጋዴ ዕቃ ይደብቃል፤ የተደበቀ ዕቃ ይወደዳል፤ የተወደደውን ደግሞ የምትገዛው የጡረታ ገንዘብ የምትቀበል መበለት ናት። እርስዋም በበኩልዋ ነገ ይብሳል ብላ ያላትን አሟጥጣ ዛሬ ትገዛለች፤ ዋጋውም እንደ ገና ይጨምራል። እህልን በሚሸሽግ ሰው ላይ ሕዝብ እንደሚራገም ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌው ተናግሮአል። ሁሉም ሸሻጊ ስግብግብ አይደለም፤ ግማሹ የፈራ ነው፤ የተጎዳው ድኻ ግን ልዩነቱን ሊያውቅ አይችልም። ወሬም እንዲሁ ነው። በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም በመርካቶ ስለ ደረሰኝ ቁጥጥር ብዙ በተወራ ጊዜ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ነበር፤ ከዘጉትም መካከል ነገሩን ሳያጣሩ ጎረቤታቸው ስለ ዘጋ ብቻ የዘጉ እንዳሉ ከአንደበታቸው ሰምቻለሁ።

ወደ ልጄ ታሪክ ልመለስ። ወረቀቱን ከጻፍን በኋላ ቼኩን ወደ ሰጠው ሰው ዘንድ እንዲሄድ መከርሁት። ከሞት ይልቅ የፈራው ይህን ነበርና አብሬው ሄድሁ። ያ ሰው በዕድሜ የገፋ፥ በገበያው የተከበረ ሽማግሌ ነው። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ፥ «ጋሼ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቼኩ ቀኑ ሲደርስ አይበቃም» አለ። ሽማግሌው ቶሎ አልመለሱም። ኋላ እንዲህ አሉ፦ «እኔኮ ስልክ የማታነሣው ከአገር የወጣህ መስሎኝ ሦስት ሳምንት አልተኛሁም።» ሁለት ሰዎች በአንድ ገበያ ውስጥ በሁለት አልጋ ላይ፥ አንዱ ሌላውን እየፈራ ሌሊቱን ያነጉ ኖረዋል። ከዕቃው ከፊሉ ተመለሰ፤ ቀሪው በሦስት ጊዜ እንዲከፈል ተስማሙ። ሱቁ በማግሥቱ ተከፈተ። ኪሳራ አልነበረም አልልም፤ የመኪናውን ዋጋ ያህል ከስሮአል፥ መኪናውንም ሸጦአል።

ሆኖም ሱቁ ተከፍቶ፥ ቡናው ቀንሶ፥ ጫቱም ቀርቶ ሳለ የሌሊቱ መባነን ፈጽሞ አልተወውም። በዚህ ጊዜ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ነገርሁት። የአማኑኤል ሆስፒታል ከመርካቶ ሩቅ አይደለም፤ በዚያው በአዲስ ከተማ ነው። እርሱ ግን፥ «አባ፥ አማኑኤል ገባ ከሚሉኝ ብሞት ይሻለኛል» አለኝ። በከተማችን «አማኑኤል ገባ» የሚለው ቃል መሳደቢያ ከሆነ ዘመን የለውም፤ የጌታን ስም ይዞ የሕሙማን መጠጊያ የሆነን ቤት መሳደቢያ ማድረጋችን ደግሞ በእውነት ያሳፍራል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን አክብር፥ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ሲል ያስተምራል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክም በ1999 ዓ.ም፥ በኤች አይ ቪ ስለ ተያዙ ምእመናን በተነሣው ጥያቄ፥ ጸበሉና መድኃኒቱ ሁለቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ እንደ ሆኑና እንደማይጣሉ በይፋ አስተምረዋል። በሳንባ ወይም በደም ሕመም እውነት የሆነው ነገር በአእምሮ ሕመም ሲደርስ ሐሰት አይሆንም።

ልጄም ሄደ። ሐኪሙ የነገረው ነገር ለእኔም ትምህርት ሆኖኛል። የሰው ሥጋ አደጋ ሲያይ ልብን ያፈጥናል፥ ትንፋሽን ያሳጥራል፥ ለመሮጥ ወይም ለመታገል ራሱን ያዘጋጃል። አንበሳ ለመጣበት ሰው ይህ የፈጣሪ ስጦታ ነው። የመርካቶ ነጋዴ የሚያየው ግን አንበሳ ሳይሆን የቼክ ቀን ነው፤ ከቼክ ቀን ደግሞ በሩጫ አይመለጥም። ሥጋው ግን ይህን አያውቅምና ሌሊቱን ሙሉ ለሩጫ እንደ ተዘጋጀ ያድራል። ለጥቂት ወራት መድኃኒት ተሰጠው፤ ትንፋሽን በቀስታ መሳብና ማውጣትም ተማረ። እኔም በዚያው ትንፋሽ ላይ እግዚኦታውን በልቡ እንዲጨምርበት ነገርሁት፤ አባቶቻችን መነኮሳት ከጥንት ጀምሮ አጭር ጸሎትን ደጋግመው በጸጥታ የሚጸልዩት በከንቱ አይደለም። እንቅልፍ ለሳምንታት የራቀው፥ ሥራው ከእጁ የወደቀ፥ ይልቁንም ሞትን መመኘት የጀመረ ሰው ካለ ግን፥ ቀን ሳይቀጥር፥ ብቻውንም ሳይሆን ከወዳጁ ጋር ወደ ሐኪም ይሂድ።

የሚያስጨንቀን ሁሉ ሐሰት ነው ብዬ እንዳላታልላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም ማታ በሸማ ተራ እሳት ተነሥቶ ብዙ ሱቆች መቃጠላቸውን፥ መንገዱም ጠባብ በመሆኑ የእሳት አደጋ መኪኖች ለመግባት መቸገራቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያ ሱቅ የነበራት አንዲት እናት ከዚያ በፊት ለዓመታት በየሌሊቱ ጢስ የሚሸታት ሴት ነበረች። ሰው፥ «የፈሩት ይደርሳል» ሲል ተረተባት። እኔ ይህን ተረት በለቅሶ ቤት ሲነገር መስማት አልወድም፤ ፍርሃት እሳት የሚጠራ ይመስል የተጎዳውን ሰው መልሶ ጥፋተኛ ያደርገዋልና። እርስዋ ራስዋ ያለችኝን ልንገራችሁ፦ «አባ፥ ስንት ዓመት ሙሉ ስፈራ አንድ ነጠላ እንኳ ከሱቁ አላወጣሁም፤ ፍርሃቴ ምንም አላዳነልኝም። የእቁብ ዕጣዬን ግን ተራዬ ሳይደርስ አስቀድመው ሰጡኝ።» አሁን በሌላ ተራ በጥቂት ዕቃ ጀምራለች። አሁንም ጢስ ይሸታታል፤ ነገር ግን በሩ አጠገብ የእሳት ማጥፊያ ሰቅላለች።

ልጄን ባለፈው በወሩ መባቻ፥ በራጉኤል ቀን ከቅዳሴ በኋላ በአጥሩ በር ላይ አገኘሁት። አንዳንድ ሌሊት አሁንም በዘጠኝ ሰዓት ይነቃል። በነቃ ጊዜ መብራቱን አብርቶ በዚያ ቀን የሚከፈለውን ብቻ ከወረቀቱ ያነባል፤ ከዚያ አጥፍቶ ይተኛል፥ እንቅልፍ ባይመጣም ጋደም ይላል። ስለ ጤንነቱ ስጠይቀው ከመለሰልኝ በኋላ፥ «እርስዎስ አባ፥ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ተከፈለ?» አለኝ። አለመከፈሉን ነገርሁት። «ስንት ይጎድላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ልመልስለት አፌን ከፍቼ ሳለ ልኩን እንደማላውቀው አስተዋልሁ፤ አንድም ቀን በወረቀት ላይ አስፍሬው አላውቅም ነበር። እርሱም ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ሰጠኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።